አንጋሹ ኤርል፤ የሪቻርድ ኔቪል ሕይወትና የጠረጴዛ ጦርነት ሕግ



የታሪክ ክበባችን ለዚህ የበዓል ዓመት መታያ እንዲሆን አንድ የጠረጴዛ ጦርነት አዘጋጅቶ ነበር። የጠረጴዛ ጦርነት የሚባለው ጨዋታ፥ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ኮረብታውንና ወንዙን፥ አጥሩንና መንገዱን በአሸዋና በካርቶን ሠርቶ፥ ትናንሽ ወታደሮችን በሁለት ወገን አሰልፎ፥ እርምጃቸውን በማስመሪያ እየለኩ፥ የውጊያውንም ዕድል በዳይስ እየቈረጡ፥ በጥንት ዘመን የተደረገውን ጦርነት እንደገና ማካሄድ ነው። እኛ የመረጥነው በእንግሊዝ አገር በ1471 ዓ.ም. የተደረገውን የባርኔትን ጦርነት ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ጊዜ ያሸነፈው የዋርዊክ ኤርል ሪቻርድ ኔቪል ነው። በሰውም በመድፍም ይበልጥ ስለ ነበር፥ በያዝነው ሕግ ቢያሸንፍ አያስደንቅም። ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። በእውነተኛው ጦርነት የዋርዊክ ኤርል ተሸንፏል፤ ከዚያም ሜዳ በሕይወት አልወጣም። እንግዲህ የጨዋታ ሕጋችን አንድ ትልቅ ነገር ጐድሎታል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ለተቃራኒው ወገን ጥቂት ቀስተኞች ይጨመሩለት አሉ፤ ሌሎቹ የዋርዊክ መድፍ ይቀነስ አሉ። እኔ ግን ይህ መልሱን አስቀድሞ አይቶ ሒሳቡን እንደ ማስተካከል መስሎ ስለ ታየኝ፥ የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው ጀምሬ ለማንበብ ወሰንሁ። ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ሪቻርድ ኔቪል የተወለደው ኖቬምበር 22 ቀን 1428 ዓ.ም. ነው። አባቱ የሶልዝበሪ ኤርል ነበር። ኤርል ማለት በእንግሊዝ አገር ከመስፍን በታች ያለ ታላቅ የመኳንንት ማዕርግ ነው። ሪቻርድ ገና ልጅ ሳለ ከዋርዊክ ኤርል ልጅ ከአን ቢቻም ጋር በወላጆች ስምምነት ተጋባ። ከዚያ በኋላ የአን ወንድም በ1446፥ የወንድሟም ሕፃን ልጅ በ1449 ዓ.ም. ስለ ሞቱ፥ የዋርዊክ ርስትና ማዕርግ ወደ አን፥ በእርስዋም በኩል ወደ ባልዋ ዞረ። በዚህ ዓይነት ሪቻርድ በሃያ ዓመት ዕድሜው በመላው እንግሊዝ ካሉት ባለ ርስቶች ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ርስቱን ያገኘው ሳይዋጋ ነው፤ ነገር ግን ሳይከራከር ሊይዘው አልቻለም። በዌልስ ውስጥ ስላለው ስለ ግላሞርጋን ግዛት ከሶመርሴት መስፍን ጋር ተጣላ። በሰሜንም የእርሱ ቤተ ሰብ ከፐርሲ ቤተ ሰብ ጋር በከባድ ጠብ ላይ ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ነው። በ1422 ዓ.ም. የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ የነገሠ፥ ጸሎት የሚወድ፥ ልቡ የዋህ የሆነ፥ ለጦርም ለፍርድም ግን ክንዱ ያልጠነከረ ሰው ነበር። በ1453 ዓ.ም. እንግሊዝ በፈረንሳይ ምድር ከነበራት ግዛት ከካሌ ከተማና ከአካባቢዋ በቀር ሁሉን አጣች። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ንጉሡ አእምሮውን ስቶ፥ ከአንድ ዓመት በላይ ሰው የማይለይ ሆነ። ስለዚህ ዘመዱ የዮርክ መስፍን የመንግሥት ጠባቂ ተብሎ ተሾመ። ንጉሡ ሲሻለው ግን ዮርክ ተሻረና የሶመርሴት መስፍን እንደገና በንጉሡ አጠገብ ተቀመጠ። የዮርክ ሚስት የዋርዊክ አክስት ነበረች፤ የዮርክ ጠላት ሶመርሴትም የዋርዊክ ጠላት ነበረ። ዝምድናውም ጥቅሙም ወጣቱን ኤርል ወደ ዮርክ ወገን ሳበው። በኋላ የጽጌረዳዎች ጦርነት የተባለው፥ የዮርክና የላንካስተር ቤቶች ስለ ዘውድ የተፋጁበት የእርስ በርስ ጦርነት የተነሣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት፥ ከካሌ ምሽግና ከጥቂት የጠረፍ ጥበቃዎች በቀር፥ ሁልጊዜ ደመወዝ እየከፈለ የሚያኖረው ሠራዊት አልነበረውም። ጦርነት ሲነሣ እያንዳንዱ መኰንን ጭሰኞቹንና በውል የቀጠራቸውን ሰዎች ሰብስቦ፥ የራሱን ምልክት አልብሶ፥ በራሱ ሰንደቅ ሥር ያሰልፍ ነበር። የዋርዊክ ሰዎች በቀይ ልብሳቸው ላይ የጉጣም በትር ምልክት ያደርጉ ነበር። ከሁሉ የሚበዙት ቀስተኞች ናቸው። የእንግሊዝ ቀስት ቁመቱ ከሰው የሚተካከል ሲሆን፥ ከልጅነቱ የለመደ ሰው በአንድ ደቂቃ ዐሥር ያህል ፍላጻ ሊወረውርበት ይችል ነበር። የቀሩትም መቍረጫና መውጊያ ስለት ያለውን፥ እጀታው ረጅም የሆነውን፥ ቢል የሚባለውን መሣሪያ ይዘው በእግር ይዋጉ ነበር። በሁለቱም ወገን የነበረው ሰውም መሣሪያውም አሰላለፉም አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ አንዱን አሸናፊ ሌላውን ተሸናፊ የሚያደርገው ምን ነበር? የኤርሉ ሕይወት መልሱን ደረጃ በደረጃ ያሳየናል።

የመጀመሪያው ጦርነት በሜይ 22 ቀን 1455 ዓ.ም. በሴንት ኦልባንስ ከተማ ተደረገ። የንጉሡ ሰዎች ወደ ከተማው የሚያስገቡትን መንገዶች በግንድ ዘግተው ስለ ነበር፥ የዮርክ ወገን በዚያ በኩል ሊያልፍ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ዋርዊክ ሰዎቹን በቤቶቹ ጓሮና በአትክልቱ ቦታ በኩል አሹልኮ፥ በድንገት ገበያው መካከል ደረሰ። ሶመርሴትና የፐርሲ ቤት አለቃ ተገደሉ፤ ንጉሡም አንገቱ ላይ በፍላጻ ቈሰለ። በዚህ ድል የዋርዊክ ስም ተነሣ። የካሌ ምሽግ አዛዥም ሆኖ ተሾመ። ይህ ሹመት በባሕር ማዶ ብዙ የሠለጠኑ ወታደሮችንና መርከቦችን በእጁ አደረገለት። በ1458 ዓ.ም. የእስፓኝን መርከቦች በባሕር ላይ ስለ ተዋጋ፥ በኪሳራ ላይ የነበሩት የለንደን ነጋዴዎችና ተራው ሕዝብ እጅግ ወደዱት።

ከዚህ በኋላ ግን የመጀመሪያውን መራራ ትምህርት ቀመሰ። በ1459 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር የዮርክ ወገን በላድፎርድ ድልድይ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ፥ ዋርዊክ ከካሌ ያመጣቸው ወታደሮች ከአለቃቸው ከአንድሩ ትሮሎፕ ጋር በሌሊት ተነሥተው ወደ ንጉሡ ሰፈር ገቡ። አንድ ፍላጻ ሳይወረወር ጦሩ ፈረሰ። ዮርክ ወደ አየርላንድ፥ ዋርዊክም ከአባቱና ከዮርክ ልጅ ከኤድዋርድ ጋር ወደ ካሌ ሸሹ።

በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ዋርዊክ ባሕሩን ተሻግሮ ተመለሰና ጁላይ 10 ቀን 1460 ዓ.ም. ከንጉሡ ጦር ጋር በኖርታምፕተን ገጠመ። የንጉሡ ሰዎች ወንዙን በስተ ኋላቸው አድርገው፥ ቦይ ቈፍረው፥ ብዙ መድፍ ጠምደው ይጠብቁ ነበር። ነገር ግን ብርቱ ዝናም ጥሎ መድፉን ከንቱ አደረገው። ይልቁንም ከንጉሡ ጦር አንዱን ክንፍ የያዘው ሎርድ ግሬይ አስቀድሞ ተስማምቶ ኖሮ፥ ሰዎቹ የዋርዊክን ወታደሮች እጃቸውን እየያዙ ከእርዱ ላይ አወጧቸው። ጦርነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ፈጀ፤ ንጉሡም ተማረከ። ዋርዊክ በላድፎርድ በክህደት የተሸነፈውን ያህል በኖርታምፕተን በክህደት አሸነፈ። ሁለቱንም ውጊያ በሰው ቍጥርና በመሣሪያ ብዛት ብቻ የሚያስብ የጨዋታ ሕግ ይህን የክህደት ነገር ሊያሳይ አይችልም።

ወዲያው ደግሞ መከራ መጣ። ዲሴምበር 30 ቀን 1460 ዓ.ም. የዮርክ መስፍን በዌክፊልድ ተገደለ፤ የዋርዊክም አባት ተማርኮ በማግሥቱ አንገቱ ተቈረጠ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፥ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1461 ዓ.ም. ዋርዊክ የንግሥት ማርጋሬትን ሠራዊት በዚያው በሴንት ኦልባንስ ሊመክት ወጣ። በዚህ ጊዜ ብዙ የጦር ብልኃት አዘጋጅቶ ነበር፤ ምስማር የተተከለበት መረብ፥ የፈረስ እግር የሚወጋ የብረት እሾህ፥ ከባሕር ማዶ የመጡ ባለ ጠመንጃዎችም ነበሩት። ጠላት ግን ሌሊቱን ተጕዞ ባላሰበው በኩል መጣበት። ከወገኑም አንድ አለቃ ከዳ ተብሎ ተጽፏል። ዋርዊክ ሸሸ፤ ይዞት የነበረውም ንጉሥ ወደ ንግሥቲቱ እጅ ተመለሰ።

ንጉሥ በእጁ የሌለው ሰው በስሙ የሚያዝበት ንጉሥ ያስፈልገዋልና፥ ዋርዊክና ወገኖቹ ማርች 4 ቀን 1461 ዓ.ም. የሟቹን የዮርክን ልጅ ኤድዋርድን በለንደን አነገሡት። ኤድዋርድ 4ኛ የተባለው ይህ ንጉሥ ያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት፥ ማለት ይህን ጽሑፍ ከሚጽፈው ተማሪ ዕድሜ ጋር እኩል ነበር። ወዲያው ወደ ሰሜን ዘመቱ። በፌሪብሪጅ መሻገሪያ ዋርዊክ እግሩ ላይ በፍላጻ ቈሰለ። በማግሥቱ ማርች 29 ቀን፥ በሆሣዕና ዕለት፥ ታላቁ የታውተን ጦርነት ተደረገ። በረዶ ይጥል ነበር፤ ነፋሱም ከዮርክ ወገን ጀርባ ተነሥቶ የላንካስተርን ሰዎች ዓይን ይመታ ነበር። የዋርዊክ አጎት ሎርድ ፎከንበርግ ቀስተኞቹን ወደ ፊት አቅርቦ አንድ ጊዜ አስወረወረና ወደ ኋላ መለሳቸው። የላንካስተር ቀስተኞች በበረዶው ምክንያት ርቀቱን መለየት ስላልቻሉ፥ ፍላጻቸውን ሁሉ ባዶ መሬት ላይ ጨረሱ። የዮርክ ሰዎችም መሬት ላይ የተሰካውን ፍላጻ እየነቀሉ መልሰው ወረወሩባቸው። ወደ ማምሻው የኖርፎክ መስፍን ሰዎች ደርሰው በጐን ሲገቡ የላንካስተር ጦር ተሰበረ። በዚያ ዘመን የሞቱት 28,000 ናቸው ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ቍጥር እጅግ የበዛ ነው ይላሉ። በ1996 ዓ.ም. በታውተን ከ30 በላይ አፅሞች ያሉበት አንድ መቃብር ተገኝቷል፤ በብዙዎቹ ራስ ቅል ላይ ተደጋጋሚ የስለት ቍስል ይታያል።

ከዚህ በኋላ በእንግሊዝ አገር ከንጉሡ በታች እንደ ዋርዊክ ያለ ሰው አልነበረም። አንዱ ወንድሙ ጆን የሰሜኑን ዓመፅ በ1464 ዓ.ም. አጥፍቶ የኖርዘምበርላንድ ኤርል ሆነ። ሌላው ወንድሙ ጆርጅ የመንግሥት ዋና ጸሐፊ፥ በኋላም የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ዋርዊክ ነገሥታትን የሚሾምና የሚሽር ሆኖ ስለ ታየ፥ ከሞተ በኋላ የተጻፉት መጻሕፍት አንጋሹ የሚል ስም ሰጡት።

ያነገሠው ወጣት ግን ሁልጊዜ የሚመራ ልጅ ሆኖ አልቀረም። ዋርዊክ ለንጉሡ ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሚስት ለማምጣት ሲደራደር፥ ንጉሡ በ1464 ዓ.ም. ባልዋ የሞተባትን ኤልሳቤጥ ዉድቪልን በስውር አግብቶ ተገኘ። ኤርሉ በባዕድ መንግሥት ፊት ቃሉን ያጠፈ ሰው መስሎ አፈረ። የንግሥቲቱ ዘመዶች ሹመቱንና ጋብቻውን እየተሻሙ ወሰዱ። በ1467 ዓ.ም. ወንድሙ ጆርጅ ከዋና ጸሐፊነቱ ተሻረ። ንጉሡም የዋርዊክን የፈረንሳይ ወዳጅነት ትቶ እኅቱን ለቡርጎኝ መስፍን ዳረ።

በ1469 ዓ.ም. ዋርዊክ ገሃድ ወጣ። የንጉሡን ወንድም የክላረንስን መስፍን አባብሎ፥ ልጁን ኢዛቤልን ያለ ንጉሡ ፈቃድ በካሌ ዳረለት። በዚያው በጁላይ ወር የእርሱ ወገኖች የንጉሡን ጦር በኤጅኮት ድል አደረጉ። በዚያም ውጊያ የንጉሡ ሁለት አለቆች ስለ ማደሪያ ቤት ተጣልተው ተለያይተው ስለ ሰፈሩ፥ ከሁለቱ አንዱ ከቀስተኞቹ ርቆ ለብቻው ሲዋጋ ተሸነፈ። ዋርዊክ ኤድዋርድን ማረከ፤ ነገር ግን በእስረኛ ንጉሥ ስም አገሩን ማስተዳደር አልቻለምና ሊለቀው ተገደደ። በ1470 ዓ.ም. ሌላ ዓመፅ ከሸፈበት፥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በመርከብ ሸሸ። ለብዙ ዓመታት ያዘዘባት የካሌ ከተማ በርዋን ዘጋችበት፤ ልጁ ኢዛቤል በዚያው መርከብ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑም ሞተ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ሥራ ከሥራው ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የተዋጋትን፥ አባቱንም ካስገደሉት ወገኖች ራስ የሆነችውን ንግሥት ማርጋሬትን፥ በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 11ኛ አስታራቂነት በአንዤ ከተማ አገኛት። በፊትዋ ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነ። ታናሽ ልጁን አንን ለልጅዋ ለኤድዋርድ አጨ። በሴፕቴምበር 1470 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሲገባ ወንድሙ ጆን አብሮት ተነሣ። ኤድዋርድ የኖርዘምበርላንድን ግዛት ከጆን ወስዶ ለፐርሲ ስለ መለሰውና በምትኩ የሞንታጉ ማርኲስ የሚል ባዶ ስም ስለ ሰጠው ጆን ቂም ይዞ ነበር። ንጉሥ ኤድዋርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ወደ ባሕር ማዶ አመለጠ። ዋርዊክ እርሱ ራሱ ያዋረደውን ሄንሪ 6ኛን መልሶ አነገሠ።

እንግዲህ የባርኔትን ጦር ማየት የሚገባን በዚህ ዓይን ነው። በማርች 1471 ዓ.ም. ኤድዋርድ ተመለሰ። ክላረንስ አማቱን ትቶ ወደ ወንድሙ ዞረ። ኤፕሪል 13 ቀን ማታ ሁለቱ ጦሮች ከለንደን በስተ ሰሜን በባርኔት አጠገብ ተጠጋግተው አደሩ። የዋርዊክ መድፎች ሌሊቱን ሙሉ ተኰሱ፤ ኤድዋርድ ግን ከታሰበው በላይ ተጠግቶ ድምፅ እንዳይሰማ አዝዞ ስለ ነበር፥ ጥይቱ ሁሉ ከራሱ በላይ አለፈ። በማግሥቱ የትንሣኤ በዓል ነበር። ሲነጋ ሜዳውን ወፍራም ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። ሰልፎቹ ፊት ለፊት አልገጠሙም፤ የሁለቱም ቀኝ ክንፍ ከሌላው ግራ አልፎ ይወጣ ነበር። የዋርዊክን ቀኝ የያዘው የኦክስፎርድ ኤርል፥ ከጥንት ጀምሮ የላንካስተር ወገን የሆነ ሰው፥ ፊት ለፊቱ የነበረውን የሎርድ ሄስቲንግስን ጦር ሰብሮ እስከ ባርኔት ከተማ ድረስ አሳደደው። ሰዎቹ ለዘረፋ ተበተኑ፤ እርሱ የቻለውን ሰብስቦ ወደ ውጊያው ተመለሰ።

በዚህ መካከል የሰልፉ አቅጣጫ ዞሮ ስለ ነበር፥ ኦክስፎርድ ከጭጋጉ ውስጥ የወጣው በራሱ ወገን በሞንታጉ ሰዎች ላይ ነው። የኦክስፎርድ ምልክት ጨረር ያለው ኮከብ ነበር፤ የኤድዋርድ ምልክት ጨረር ያላት ፀሐይ ነበረች። የሞንታጉ ሰዎች ኮከቡን ፀሐይ ነው ብለው ፍላጻ ወረወሩ። የኦክስፎርድ ሰዎችም ተከዳን እያሉ ጮኹ። ጩኸቱ በሰልፉ ሁሉ አስተጋባ። ሞንታጉ ተገደለ፤ ኦክስፎርድ ሸሸ። ዋርዊክ በወንድሙ ምክር ፈረሱን ወደ ኋላ ሰድዶ በእግሩ ሲዋጋ ነበርና፥ ወደ ፈረሱ ሲሮጥ ደርሰው ገደሉት። ዕድሜው 42 ዓመት ነበር። የሞት ወሬው እንዳይካድ የእርሱና የወንድሙ ሬሳ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ ታየ፤ ከዚያም በቢሻም ገዳም ተቀበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቱክስበሪ የማርጋሬት ልጅ ተገደለ፤ በዚያው በሜይ ወር ሄንሪ 6ኛ በለንደን ግንብ ሞተ።

ጭጋግ በሁለቱም ወገን ላይ እኩል ወርዷል። የምልክት መመሳሰልም በሌላ ጦር ውስጥ ቢሆን በአንድ ጩኸት ይታረም ነበር። በዋርዊክ ጦር ውስጥ ግን ትናንት የተገዳደሉ ሰዎች በአንድ ሰንደቅ ሥር ቆመው ነበር። የላንካስተር ሰው ሞንታጉን ሲያይ በ1464 ዓ.ም. በሰሜን የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል፤ ሞንታጉም ይህን ያውቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክህደትን ይጠብቅ ነበር፤ የሚጠብቀውም ነገር የመጣ በመሰለው ጊዜ አልተጠራጠረም። በአገራችን ሰንጠረዥ ፈረሱም ንጉሡም ወደ ወሰደው እጅ ይሄዳል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዋርዊክ ግን የሚያንቀሳቅሳቸው ሰዎች ዓይንና ትዝታ ነበራቸው።

እንግዲህ ወደ ሕጉ ምርጫ እንመለስ። በ1824 ዓ.ም. የፕሩሲያ መኰንን ራይስቪትስ ያወጣው የጦር ጨዋታ፥ በመካከል ዳኛ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሊያየው የሚችለውን ብቻ ይነግረዋል። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ዓ.ም. ያሳተመው ሕግ በትንሽ መጫወቻ መድፍ ወታደሮችን መትቶ መጣል ነውና የእጅ ብልኃትን እንጂ የልብን ነገር አይመዝንም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዴ ቤሊስ አንቲኲታቲስ የተባለው ሕግ ለእያንዳንዱ ወገን 12 ክፍሎች ሰጥቶ፥ በየተራው ዳይሱ ባወጣው ቍጥር ልክ ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ አዛዥ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማድረግ እንደማይችል ያስተምራል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ላየን ራምፓንት ደግሞ እያንዳንዱ ጓድ መታዘዙን በሁለት ዳይስ ያስፈትናል፤ እምቢ ካለ ተራው ወደ ጠላት ያልፋል። በ1974 ዓ.ም. የወጣውና በዚሁ በኤርሉ ቅጽል ስም የተጠራው ኪንግሜከር የተባለው ጨዋታ የመኳንንቱን ወገንና የዘውዱን ወራሾች በካርታ ያጫውታል፤ የሜዳውን ውጊያ ግን በዝርዝር አያሳይም።

እኛ ከእነዚህ መካከል ሁለቱን አዋሕደን መረጥን። መታዘዝን በሁለት ዳይስ መፈተኑን ከላየን ራምፓንት፥ ዳኛውን ከፕሩሲያው ጨዋታ ወሰድን። በዚያም ላይ አንድ ነገር ከራሳችን ጨመርን፤ ይኸውም እያንዳንዱ መኰንን ባለፈው ታሪኩ መሠረት የመታመን ቍጥር እንዲኖረው ነው። ሁለት የወገን ጓዶች በጭጋግ ውስጥ ሲገናኙ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ከመታመን ቍጥራቸው ከበለጠ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ።

በዚህ ሕግ ስንጫወት የዋርዊክን ጦር የምመራው እኔ ነበርሁ። ኦክስፎርድን የሚመራው ጓደኛዬ ነው። ዳኛው ጠረጴዛውን በመጋረጃ ከፍሎ፥ ጨረር ያለበት ምልክት የያዙ ሰዎች በግራ በኩል ከጭጋጉ እንደሚመጡ ነገረኝ። ታሪኩን ከማንም ይልቅ አንብቤዋለሁ፤ ኮከብና ፀሐይ እንደሚመሳሰሉም ዐውቅ ነበር። ሆኖም ጓደኛዬ ትእዛዜን ትቶ ከተማውን ሲዘርፍ ቈይቶ ስለ ነበር ተቈጥቼበት ነበር። ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ቀስተኞቼ እንዲወረውሩ አዘዝሁ። መጋረጃው ሲገለጥ የወደቁት የኦክስፎርድ ሰዎች ነበሩ። የመታመን ቍጥሩም ዳይሱም ሳያስፈልግ፥ ጥርጣሬው ከእኔ ከራሴ መጣ።

አንጋሹ ኤርል ብልኅ፥ ደፋር፥ ለጋስ ሰው ነበር። በሀብት የሚተካከለው አልነበረም፤ ሁለት ነገሥታትን አነገሠ፤ ሁለቱንም ነገሥታት ከዙፋን አወረደ። ነገር ግን ከወገን ወደ ወገን ባለፈ ቍጥር ጦሩ በቍጥር እየበዛ በእምነት እየሳሳ ሄደ። ዛሬ ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናብተን ወደ ሥራና ወደ ከፍተኛ ትምህርት የምንበተን ተማሪዎች የምንዋጋው በቀስት አይደለም፤ ሆኖም ሁላችንም ከሌላ ሰው ጐን መሰለፋችን አይቀርም። ጭጋግ በወረደ ዕለት ጓደኛችን ምልክታችንን ለይቶ ማየት ባይችል እንኳ፥ የምንመጣው እኛ እንደሆንን ካለፈው ሥራችን የተነሣ እንዲያምን፥ ከዛሬ ጀምሮ ልንሠራበት ይገባል።